ጄቢኤል 4311፦ አንዱ ትዊተር ዝም ብሏል፣ አንዱ ሳጥን በውሃ አብጧል

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። ስፒከር የምታውቁ ሰዎች እርዱኝ።

አጎቴ ያኔ ባቡሩ በደህና በሚሠራበት ጊዜ ከጅቡቲ ያስመጣቸው ጥንድ ጄቢኤል 4311 አሉ። የስቱዲዮ ሞኒተር ናቸው። ባለ 12 ኢንች ነጭ ባስ፣ መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣ ባለ 5 ኢንች ሚድ፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ትንሽ ትዊተር፣ ፊታቸው ላይ ደግሞ ሁለት ሁለት ማዞሪያ አላቸው፣ አንዱ ለሚድ አንዱ ለትዊተር። አጎቴ ካረፈ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሲነሳ ማንም የፈለጋቸው የለም። ባጃጅ ይዤ ሁለቴ ተመላልሼ ወደ ቤት አመጣኋቸው።

ለምን እንደምፈልጋቸው ልንገራችሁ። አጎቴ ሰርግ ይቀዳ ነበር። የኦሮምኛ፣ የሶማልኛ፣ የሐረሪ፣ የአማርኛ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትቶልኛል፣ የእናቴ ሰርግም አለበት። አንድ በአንድ ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ድምፁን አጸዳለሁ። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ጥሩ የመሰለኝ በመኪና ስከፍተው ሌላ ይሆንብኛል፣ ከበሮው ይደፈርሳል፣ የሴቶቹ ድምፅ ጆሮ ይወጋል። የሠራሁትን እንዳለ የሚያሰማኝ ስፒከር እፈልጋለሁ።

ችግሩ ይሄ ነው። የአንዱ ትዊተር ዝም ብሏል። ማዞሪያውን ሳዞረው ጭርርር ይልና አንዳንዴ ለቅጽበት ይሰማል፣ ከዚያ ይጠፋል። የሌላው ደግሞ ሳጥኑ ተበላሽቷል። በ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ አጎቴ ቤት ውሃ ገብቶ ነበር። በርጩማ ላይ ስለነበር ውሃው የነካው ከታች ሁለት ጣት ያህል ብቻ ነው፣ ግን ቺፕውዱ ውሃውን ጠጥቶ አብጧል፣ በጣት ስነካው ይፈረፈራል። በዚያ ላይ አንድ ባለሙያ ዘንድ ወስጄ ሳሳየው «የባሱ ጠርዝ ደርቋል፣ ተልጦ ጎማ ይግባለት» አለኝ፣ ዙሪያውን ይዞት ያለውን ማለቱ ነው።

ትዊተር ከየት ላገኝ እችላለሁ? ጠርዙስ ይቀየር? ሳጥኑን አዲስ ሳሠራ ባሱ እንዲጨምር ትንሽ ላስፋው? የውጭ ልኩ 60 በ36 በ30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ታይዋን ጥገና (ድሬዳዋ)፦

አቦ ወንድሜ፣ ዕቃው ደስ ይላል፣ ግን መለዋወጫው ከየት ይመጣል? እኔ ብሆን አሮጌውን እተወዋለሁ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ባለ 12 ኢንች ባስ ሞልቷል፣ ከትዊተርና ድምፁን ለየስፒከሩ ከሚከፍለው ማጣሪያ ጋር ሙሉውን ገዝተህ አዲስ ሳጥን ውስጥ ግጠመው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ስለ ጠርዙ የነገረህ ሰው ልክ ነው። በዚህ ሙቀት ስፖንጅ አይቆይም፣ ጠርዙ እንደ ዱቄት የሆነ ስፒከር በየጊዜው ይመጣልኛል።

ምድር ባቡር ጡረተኛ (ድሬዳዋ)፦

ልጄ፣ እስቲ ቆይ። ምንም ከመግዛትህና ምንም ከመላጥህ በፊት ስማኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር ወርክሾፕ ኤሌክትሪክ ክፍል ነው፣ ስፒከር ደግሞ ከሥራ መልስ የምወደው ነገር ነበር፣ ዛሬም ነው።

በትዊተሩ ልጀምር። መልሱን ራስህ ተናግረኸዋል። ማዞሪያው ሲዞር ጭርር ካለና ለቅጽበት ድምፅ ከወጣ፣ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ማዞሪያው ነው እንጂ ትዊተሩ አይደለም። ከማዞሪያው ጀርባ ኤል-ፓድ የሚባል ዕቃ አለ። ውስጡ የተጠቀለለ ሽቦ ነው፣ በላዩ ላይ አንዲት ትንሽ የብረት ምላስ ትሄዳለች። ለዓመታት ሳይነካ ሲቀመጥ ሽቦው ይበላሻል፣ የድሬ አቧራ ሲጨመርበት ምላሷ ሽቦውን መንካት ታቆማለች። አምፑን (አምፕሊፋየሩን) አጥፋና ማዞሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃምሳ ጊዜ አዙረው። ካልሆነ ባሱን ፈተህ በእሱ ቀዳዳ እጅህን አስገባ፣ ኤል-ፓዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ መገናኛ ማጽጃ ስፕሬይ ንፋበት፣ እንደገና አዙር፣ እስኪደርቅ ጠብቅ።

የትዊተሩን ጤና በቴስተር ማረጋገጥ ትችላለህ። አንዱን ሽቦውን ከላዩ ንቀልና ኦም ላይ አድርገህ ለካ። 8 ኦም የሚባል ስፒከር በቴስተር ሲለካ 5 ወይም 6 ማሳየቱ የተለመደ ነው፣ እሱ ጤና ነው። የደህናውን ትዊተር ለካና አወዳድር፣ ከተቀራረቡ ኮይሉ፣ ውስጡ ያለው ጥቅል ሽቦ፣ አለ ማለት ነው። አንድ ነገር አደራ፦ ልሞክረው ብለህ ትዊተሩን በቀጥታ ከአምፕ ጋር እንዳታገናኘው። ከፊቱ ያለው ካፓሲተር ባሱን የሚያስቀርለት ነው፣ ያለ እሱ ኮይሉ ወዲያው ሊቃጠል ይችላል።

አሁን ወደ ጠርዙ። ታይዋን ጥገና ስለ ስፖንጅ ያለው እውነት ነው። ስፖንጅ ጠርዝ በአየሩ፣ በእርጥበቱና በፀሐዩ ተበልቶ ይረግፋል፣ የዚያው ኩባንያ 4430 የሚባለው ስፒከር ጠርዙ ስፖንጅ ስለሆነ ይሄ ይደርስበታል። የ4311 ባስ ጠርዝ ግን ስፖንጅ አይደለም። ቀረብ ብለህ እየው፣ እንደ አኮርዲዮን እጥፍ እጥፍ ያለ፣ ማጣበቂያ ነገር የተቀባ ነው። ሲሠራም ጠንከር ብሎ ነው የተሠራው፣ «ደርቋል» ያለህ ሰው ያየው ያንን ጥንካሬ ነው። ኮኑን፣ የሚርገበገበውን የባሱን ነጭ ፊት፣ በሁለት እጅህ ጣቶች ግራና ቀኝ እኩል ይዘህ በቀስታ ወደ ውስጥ ግፋው። የመፋጨት ድምፅ ሳያሰማ ገብቶ ከተመለሰ ጤነኛ ነው። ላጥ አድርገህ ጎማ ብታስገባበት ያንን ባስ ገደልከው ማለት ነው። ነጩን ቅብም በውሃ እንዳታጥበው፣ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃዋል።

የታይዋን ገበያን ባስ ለምን አትግጠም እንደምልህ ላስረዳ፣ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። የ4311 ባስ ማጣሪያ የለውም። የአምፑ ሽቦ በቀጥታ ነው የሚገባለት። ሚዱና ትዊተሩ ከፊታቸው ካፓሲተር አላቸው፣ ባሱ ግን እንዲሁ ክፍት ነው። ታዲያ ከላይ ያለውን ድምፅ ማን ያቆመዋል ብትል ራሱ ኮኑ ነው፣ በክብደቱና በዚያ ነጭ ቅብ ምክንያት ወደ 1500 ሄርዝ አካባቢ እያነሰ ይሄድና ሚዱ ይረከበዋል። ሌላ ባለ 12 ኢንች ብታስገባ እሱ የት ላይ እንደሚያቆም አታውቅም፣ ሚዱ ላይ ወጥቶ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይጮሃሉ፣ የሰው ድምፅ ያለበት ቦታ ይበላሻል። ያንተ ሥራ ደግሞ የሰው ድምፅ ነው። 4310 የሚባለው የዚህ ታላቅ ወንድም ነው፣ የእሱን የቤት ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1970 ኤል100 ብለው አውጥተውታል፣ ሐሳቡ ያው አንድ ነው። እንግዲህ የሞተውን ብቻ ቀይር፣ ያልሞተውን ተወው።

በመጨረሻ በ1.5 ቮልት ባትሪ የሁለቱን ባስ አቅጣጫ እየው። የባትሪውን ፕላስ ከስፒከሩ ቀይ ላይ ለቅጽበት ንካው፣ ሁለቱም ኮን ወደ አንድ አቅጣጫ መሄድ አለባቸው። አንዱ ወጥቶ አንዱ ከገባ ባሱ ይጠፋብሃል።

የከዚራ ልጅ፦

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥዎ። ትዊተሩ ተናገረ! መጀመሪያ ዝም ብዬ ሳዞረው ትንሽ ተሻለው፣ ስፕሬዩን ስነፋበት ግን እንደ ድሮው ሆነ። የለካሁትም ከደህናው ጋር እኩል ነው። አንዱን ካሴት ከፈትኩና ሴቶቹ ሲያጨበጭቡ የእያንዳንዷ እጅ ለየብቻ ይሰማል፣ እስከ ዛሬ አንድ ላይ የተደፈጠጠ ነበር። እናቴን ጠርቼ አሰማኋት፣ አንዷን በእልልታዋ ብቻ ለየቻት።

ጠርዙም እንዳሉት እጥፍ እጥፍ ነው፣ አልነካሁትም።

በባትሪው ግን ደነገጥኩ። ፕላሱን ቀዩ ላይ ሳደርግ ሁለቱም ባሶች ወደ ውስጥ ገቡ። መውጣት አልነበረባቸውም? ከዚህ በፊት የነካቸው ሰው ሽቦ አዟዙሮባቸው ይሆን?

ምድር ባቡር ጡረተኛ፦

ማንም አላዟዟረባቸውም። የድሮ ጄቢኤል እንዲያ ነው፣ ፕላስ ጥቁሩ ላይ ሲሆን ነው የሚወጣው። ቀድሜ አለመንገሬ የኔ ጥፋት ነው። አንዱን ብቻ «ላስተካክል» ብለህ እንዳትገለብጠው። ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ በቃ።

ባሱን ከሳጥኑ ስታወጣ ደግሞ ተጠንቀቅ። ጀርባው ላይ ያለው ማግኔት የድሮው አልኒኮ ከሆነ መሬት ላይ ጓ ካለ ኃይሉ ይቀንሳል። ኮባልት ያለበት ማግኔት ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ዛየር (የዛሬዋ ኮንጎ) ውስጥ በሻባ ጦርነት ሲነሳ ኮባልት ተወደደና ኩባንያዎቹ ኮባልት ወደማያስፈልገው ማግኔት፣ ወደ ፌራይት፣ ዞሩ፣ 4311ቢ የሚል ከሆነ ያንተ ፌራይት ነው። የትኛውም ቢሆን ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጠው፣ ፊቱን ወደ ላይ አድርገህ።

ታይዋን ጥገና፦

ጋሼ አመሰግናለሁ፣ ባሱ ማጣሪያ የለውም የሚለውን አላውቅም ነበር። ያልኩትን ስቤዋለሁ። ግን ካፓሲተሮቹስ? ይሄ ሁሉ ዓመት፣ በድሬ ሙቀት። እኔ በየቀኑ የማየው የደረቀ ካፓሲተር ነው።

ምድር ባቡር ጡረተኛ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። ለክቶ ማየት ነው እንጂ በግምት መንቀል የለም። ካፓሲተር የሚለካ ቴስተር ካለህ አንድ እግሩን ከስታኞው ፈተህ ለካው፣ ላዩ ላይ ከተጻፈው ማይክሮፋራድ ከ10 በመቶ በላይ ካልራቀ ተወው። ከራቀ በዚያው ቁጥር አዲስ ግዛ፣ ትልቅ ይሻላል ብለህ እንዳትጨምር። ቁጥሩ ከጨመረ ሚዱም ሆነ ትዊተሩ ወደማይችሉት ወፍራም ድምፅ ይወርዳሉ። ከቀየርክ ደግሞ በሁለቱም ሳጥን፣ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ አይሁን። የአምፕና የራዲዮ ቦርድ ላይ ያለውን ፕላስና ማይነስ ያለውን ዓይነት ለስፒከር አትጠቀም።

ታይዋን ጥገና፦

መለኪያው አለኝ። የከዚራ ልጅ፣ ማጣሪያዎቹን ይዘህ ና፣ ለዚህ ገንዘብ አልቀበልህም። እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

ጁገል አናጢ (ሐረር)፦

ስለ ሳጥኑ ማንም ስላልመለሰልህ እኔ ልበል። ሥራዬ እንጨት ነው፣ ስፒከር ሳጥንም ብዙ ሠርቻለሁ።

አታስፋው። ስፒከር ሳጥን ዕቃ ማስቀመጫ አይደለም፣ ውስጡ ያለው አየር ራሱ የሥራው አካል ነው። ፊቱ ላይ ያለው የባስ ቀዳዳና ውስጡ ያለው አየር ተነጋግረው ነው የተለኩት። ልክ ጠርሙስ አፍ ላይ ስትነፋ ትልቁ ጠርሙስ ወፍራም ድምፅ እንደሚያወጣው ነው። የሳጥኑን አየር በአምስት እጅ አንድ ብትጨምር የቀዳዳው ድምፅ ወደ 9 በመቶ ይወርዳል፣ ኮኑን ከኋላ የሚይዘው አየርም ይላላል። ባስ የጨመረ ይመስልሃል እንጂ የከበሮው ምት ይንዘላዘላል። ከሁሉ በላይ ግን አንዱ ሰፊ አንዱ እንደነበረው ሆነው ጥንድ አይሆኑም። ዘፋኙ መሀል ላይ መቆም ሲገባው አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ይሄድብሃል።

የውጭ ልኩንም እርሳው፣ እኔ የምፈልገው የውስጡን ነው። አስላው፦ የውጭ 60 በ36 በ30 የሆነ ሳጥን ጣውላው 1.9 ሴንቲ ከሆነ ውስጡ 56.2 በ32.2 በ26.2 ነው፣ 47 ሊትር ተኩል ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ይጠንክርልኝ ብለህ በዚያው የውጭ ልክ በ2.5 ሴንቲ ብታሠራው 42.6 ሊትር ይሆናል። አምስት ሊትር የሚጠጋ አየር ጠፋ፣ ዓይን ግን ለውጡን አያየውም። ፊቱ ገባ ያለ ከሆነ እሱንም መቀነስ አለብህ። ስለዚህ ደህናውን ሳጥን ክፈተው፣ ውስጡን በሜትር ለካ፣ የቀዳዳውን ቱቦ ርዝመትና ስፋት ለካ፣ ውስጡ ድጋፍ እንጨት ካለ የት እንዳለ ሥለህ ያዝ። አዲሱ ያንኑ ይምሰል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ ሰው ሁሉ «ዋንዛ አድርግልኝ» ይለኛል። ዋንዛን እወደዋለሁ፣ በር ሠርቼበታለሁ፣ ሳጥን ሠርቼበታለሁ። ለዚህ ግን አይሆንም። ወጥ እንጨት ከአየሩ ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል፣ ከሐረር ደጋ ወደ ድሬ ቆላ ሲወርድ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ያንተ ሳጥን ሲሠራ ቺፕውድ ከሆነ ለድምፁ የሚቀርበው ኤምዲኤፍ፣ ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀው ጣውላ፣ ነው፣ የውስጥ ልኩን እስከጠበቅክ ድረስ ጥሩ ኮምፔንሳቶም ይሆናል። ዋንዛውን ከላይ በስሱ ልታለብሰው ትችላለህ። ያን ጊዜ ግን በማስቲሽ አታጣብቀው፣ በድሬ ሙቀት ጫፉ ይነሳል። በእንጨት ኮላ፣ በሞርሳ አስሮ አንድ ቀን ማሳደር ነው። የታችኛውን ጠርዝ ቫርኒሽ በደንብ አጠጣው፣ ኤምዲኤፍም እንደ ቺፕውድ ውሃ ይጠጣል።

ተገጣጥሞ ሲያልቅ አየር እንደሚያፈስ በሻማ እየው። ቀጣይ ባስ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ክፈትና ሻማውን በየመገጣጠሚያው ዙር፣ እሳቱ ከተወዛወዘ እዚያ ጋ ክፍተት አለ። በቀዳዳው በኩል መወዛወዙ ግን ተገቢ ነው።

ሸዋ በር ስቱዲዮ (ሐረር)፦

እኔ ትንሽ የቀረጻ ክፍል አለችኝ፣ የምሠራው በያማሃ ኤንኤስ-10 ነው። እሱም ነጭ ኮን አለው፣ ግን ዝግ ሳጥን ነው፣ ቀዳዳ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ማዳመጫ ተብሎ ወጥቶ ስቱዲዮዎች የወሰዱት ስፒከር ነው፣ በ2001 ደግሞ ለኮኑ የሚሆን የወረቀት ጥሬ ዕቃ ስላጡ ማምረት አቆሙ። ይሄን የማነሳው ለምንድነው፣ ስገዛው «ይሄ ስፒከር ጥሩ ነው» ብለው ነግረውኝ ቤቴ ውስጥ ስከፍተው ግን አስጠላኝ። ሊሾ ወለል፣ ብሎኬት ግድግዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ ይላተማል። ስፒከሩን ልሸጠው ሁሉ ነበር።

በኋላ አክስቴ ቤት ጁገል ውስጥ ወሰድኩት። የድሮ የሐረሪ ቤት ነው፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍና ዝቅ ያሉት ነደባዎች (መቀመጫ መደቦቹ)፣ ምንጣፍና ትራስ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰፌድና ሙዳይ። ያው ስፒከር፣ ያው ቅጂ፣ ሌላ ድምፅ! ያ ሁሉ ከፍና ዝቅ፣ ያ ሁሉ ጨርቅና ስፌት ድምፁን ይበትነዋል፣ ይውጠዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍሌ ውስጥ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልኩ፣ ሰፌዶችም ደርድሬያለሁ። ወንድሜ፣ ሳጥኑን ሠርተህ ስትጨርስ ክፍልህንም እየው።

ስታቆማቸው የጄቢኤሉ ጽሑፍ ቀጥ ብሎ እንዲነበብ ካደረግክ የ4311 ባስ ከላይ፣ ትዊተሩ ከታች ነው የሚሆነው፣ ግራ አይግባህ። ዋናው ትዊተሩ ስትቀመጥ ከጆሮህ ትክክል መሆኑ ነው፣ በርጩማህ ዝቅ ያለ ከሆነ ገልብጠህ አቁመው። ካንተ እስከ እያንዳንዱ ስፒከር ያለው ርቀትና በሁለቱ መካከል ያለው እኩል ይሁን። ግድግዳ ላይ አታስጠጋቸው፣ ያኔ ባሱ ያለ ልኩ ያብጥና ከካሴቱ ላይ ባስ ትቀንሳለህ፣ ከዚያ በመኪና ስትሰማው ባዶ ይሆንብሃል። ያልከው ችግር ይሄው ነው።

መብራትም አለ። ጋሼ ባሱ በቀጥታ ነው የተገናኘው ብለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ አምፑ «ዱብ» የሚለው ያ ምት ምንም ሳያግደው ባሱ ላይ ያርፋል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የአምፑን ማብሪያ አጥፋ፣ ሻማ ከመፈለግህ በፊት። ትንሽ አምፕ እስከ መጨረሻ ከፍቶ መጫወትም ትዊተር ይገድላል፣ አቅሙ ሲያልቅ ድምፁን ይቆርጠዋል፣ ያ የተቆረጠው ድምፅ ወደ ትዊተሩ ነው የሚሄደው።

የከዚራ ልጅ፦

ሸዋ በር ስቱዲዮ፣ እህቴ፣ ክፍሌ ሊሾ ነው፣ ስፒከሮቹም ግድግዳ ተጠግተው ነው ያሉት። ዛሬ ማታ አንድ ሜትር ወደ ፊት ሳብኳቸውና የእናቴን ምንጣፍ አነጠፍኩ። ከበሮው ጠራ። ከዚህ በፊት የሠራኋቸውን ካሴቶች እንደገና ልሠራቸው ነው፣ ባስ ያለ ልክ ቀንሼባቸዋለሁ።

ጁገል አናጢ፣ ሳጥኑን አንተ እንድትሠራልኝ እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ወደ ሐረር እወጣለሁ። ከማጣሪያዎቹ ጋር ነገ ታይዋን ጥገና ዘንድ እሄዳለሁ። የፊቱ ጨርቅም ተቀዳዷል፣ ለእሱ ምን ዓይነት ጨርቅ ልያዝ? የተበላሸውን ሳጥን ብቻ ባመጣ ይበቃል ወይ?

ጁገል አናጢ፦

ጨርቁን ከድሬ አትግዛ፣ እዚህ መኪና ግርግር ልብስ ሰፊዎቹ ጋ እንመርጣለን። አፍህ ላይ አድርገህ ስትነፋ ትንፋሽህ ሳይታገድ የሚያልፍበት ስስ ጨርቅ ነው የሚሆነው፣ ያፈነህ ጨርቅ ትዊተሩንም ያፍነዋል።

የተበላሸው ሳጥን ብቻውን አይበቃም፣ ያበጠ እንጨት ልክ አይሰጠኝም። ደህናውን ይዘህ ና፣ ስፒከሮቹን ቤት አስቀርና ባዶውን። ያለ እሱ አልጀምርም።